በልጄ ስም የላክሁት ንባብ

የንስሐ አባቴ ይህን አያውቁም። ባለቤቴም አያውቅም። ከእኔ ሌላ የምታውቀው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ይኸው ስድስት ዓመት ሊሆን ነው፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ያቺ ሰው ልጄ ናት። የበደልኳት እኔ፣ ምሥጢሩን የደበቀችልኝ እሷ። እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ ጆሮ ስጡኝ እንጂ አታጽናኑኝ። አይዞሽ እንድትሉኝ አይደለም የምጽፈው።

ሐረር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ባለቤቴ ጌታነህ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ጠዋት ከከተማው ውጪ ወዳለው ድሬ ጠያራ ይወጣል፣ ሲመሻሽ ይመለሳል። የምንኖረው ፈላና በር አጠገብ፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ ነው። ልጃችን አንድ ናት፣ ሜሮን።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም። ድምፄ የልጅ ድምፅ ነው። ስልክ ሳነሳ የማያውቁኝ ሰዎች «ማሚ አለች?» ይሉኛል። መሥሪያ ቤት «ሕፃኗ» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሳድግ ያላደገልኝ ነገር ቢኖር ድምፄ ነው። ይህ ድምፅ አንድ ቀን ለክፋት ይጠቅመኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ሜሮን ደግሞ አፏ ይያያዛል። ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። አንዳንድ ቃል ሲመጣባት ትቆማለች፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይገተራል፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ ቃሉ ይወጣል። እኔ ግን እስኪወጣ የምጠብቅ ሰው አልነበርኩም። ከአፏ ነጥቄ እጨርስላታለሁ። ውሃ ልትል ስትታገል «ውሃ ነው?» ብዬ ብርጭቆውን አቀብላታለሁ። ይህን እርዳታ ነበር የምለው። ልጄን እረዳለሁ እያልኩ ስንት ቃል ከአፏ እንደወሰድኩባት እኔም አላውቀው።

ኮሮና የገባ ጊዜ አራተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቤቱ የግል ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ሲዘጋ ለየክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። ሒሳቡን ልጆቹ ደብተር ላይ ሠርተው እኛ ፎቶ አንስተን እንልካለን። ልጆቹን ገና ሳታውቃቸው ትምህርት ቤቱ የተዘጋባት አዲሷ የአማርኛ መምህርት ቲቸር ሰናይት ግን ሌላ ዘዴ አመጣች። በየሳምንቱ አንድ ምንባብ ትሰጣለች፣ ልጆቹ ጮክ ብለው አንብበው በድምፅ ይልካሉ። የሚላከውም እዚያው ግሩፕ ላይ ነው፤ ልጅ ሁሉ፣ ወላጅ ሁሉ ይሰማዋል።

ፈላና በርን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፣ ጠዋት እዚያ ድምፅ መቅዳት የማይታሰብ ነው። ሻጩ ይጮኻል፣ አህያው ያናፋል፣ ባጃጁ ጥሩምባውን አይለቅም። ከምሳ በኋላ ግን ሰዉ ጫቱን ይዞ ለመቃም በርጫ ሲቀመጥ ሰፈሩ ጭጭ ይላል። ስለዚህ እናቶች ሁሉ ልጆቻችንን የምናስቀዳው በዚያ ሰዓት ነበር። እኔ በፈረቃ ስለምገባ ከሰዓት ቤት እውላለሁ።

የመጀመሪያው ምንባብ ስለ ንብ የሚያወራ ነበር። ከገጽ ትንሽ ይበልጣል። ሜሮን ስልኬን ተቀበለችኝና «አንቺ ውጪ፣ ስታዪኝ ይብስብኛል» አለችኝ። ወጣሁ። በሩ አጠገብ ተቀምጬ ልብስ እያጣጠፍኩ ጉምጉምታዋን እሰማለሁ። ትጀምራለች፣ ታቆማለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች። ከአሥር ጊዜ በላይ ሞክራለች። አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ስትወጣ ፊቷ በላብ ርሷል። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችኝ።

«ጨረስኩ» አለች። «ላኪው።»

እሺ አልኳት። እሷ ወደ ግቢው ሮጠች። እኔ ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግኩና አዳመጥኩት። ከዚያ ግሩፑን ከፈትኩ። የሌሎቹ ልጆች ንባብ ቀድሞ ደርሷል። አንዱ ልጅ እንደ ዜና አንባቢ ያንበለብለዋል። ለእሱም የእናቶች አድናቆት ተደርድሮለታል። የሜሮን ድምፅ ከዚያ ሥር ሊገባ ነው። ማን እንደሚስቅ፣ ማን ለማን እንደሚያስተላልፈው፣ ነገ መንገድ ላይ ማን ዓይን ዓይኔን እንደሚያየኝ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ።

የእሷን አጠፋሁት። መጽሐፉን አነሳሁ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ራሴ አነበብኩት። የልጅ እንዲመስል ሁለት ቦታ ላይ ሆን ብዬ ቀስ አልኩ። እዩልኝ፣ እስከዚህ ድረስ አስቤበታለሁ። ከዚያ «የሜሮን ጌታነህ ንባብ» ብዬ ጽፌ ላክሁት። ሁሉም አንድ አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ለምን አደረግኩት? ለእሷ ብዬ፣ እንዳይስቁባት ብዬ ነው ልል እችላለሁ። ብዙ ጊዜ ለራሴ እንዲያ ብዬዋለሁ። ግን እሷ መች አፈረች? እሷማ ላኪው ብላኝ ለመጫወት ሄዳለች። ያፈርኩት እኔ ነኝ። የተንተባተበች ልጅ እናት ሆኜ መሰማት ያልፈለግኩት እኔ ነኝ። የአሥር ዓመት ልጅ የደፈረችውን እኔ አልደፈርኩም።

በማግስቱ ቲቸር ሰናይት ያንን ድምፅ መልሳ ግሩፑ ላይ ለቀቀችው። «ልጆች፣ ሜሮንን ስሙ፣ እንደዚህ አንብቡ» ብላ ነበር የጻፈችው። ጭብጨባው ወረደ። ሜሮን ስሟን ስታይ ስልኩን ቀማችኝና ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ደስ ብሏት ነበር። እያዳመጠች ደስታዋ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየሁት።

«እማ፣ ይሄ እኔ አይደለሁም።»

ምን ብዬ መለስኩላት መሰላችሁ? ድምፅ በስልክ ሲቀዳ ይለወጣል አልኳት። ሁሉም ሰው የራሱን ድምፅ ሲሰማ የሌላ ይመስለዋል አልኳት። ስልኩን ይዛ ገባች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና አጠገቤ ቆመች። ለካ ራሷን ቀድታ ስታዳምጥ ነበር።

«የእኔ አይለወጥም» አለችኝ።

ከዚያ ደግሞ የባሰውን አደረግኩ፤ አባበልኳት። አፍሽ እስኪፈታ ድረስ ነው፣ እስከዚያ እኔ አነብልሻለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሪ፣ ለአባትሽም ቢሆን አልኳት። ተመለከተችኝና «እሺ» አለች። ያቺ እሺ እስከ ዛሬ ሳትፈርስ አለች። ክረምት እስኪገባ በየሳምንቱ እኔ አነበብኩ፤ እሷ ሌላኛው ክፍል ተቀምጣ ሒሳቧን ትሠራለች። በሩን ስዘጋ ቀና ብላ አታየኝም ነበር።

ባለቤቴ በስልክ ድምፃችንን መለየት አይችልም፤ ስታነብ አትያዝም ያልኩትን አምኖ በልጁ ኮራ። ንባቡን ድሬ ጠያራ ላሉ ባልደረቦቹ አሰማ፣ ደብረ ብርሃን ላሉት እናቱም ላከላቸው። አማቴ የሜሮን አፍ እንዲፈታ ለቁልቢ ገብርኤል ተስለው ኖረዋል፤ እኔ አላውቅም ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ስለቴ ሰመረ ብለው አለቀሱ። በታኅሣሥ የስለታቸውን ጥላ በሰው ላኩና ጌታነህ ወስዶ አስገባላቸው። እኔ ያጭበረበርኩት አንድ የቤት ሥራ እንደ ተአምር ተቆጥሮ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ለንስሐ አባቴ ይህን የቱ ጋ ጀምሬ እነግራቸዋለሁ? አማቴ በሦስተኛው ዓመት ሲያርፉ ያንኑ አምነው ነው ያረፉት።

ከጎረቤቶቻችን አንዷ ረውዳ ናት። ልጇ ሒክማ ከሜሮን ጋር አንድ ክፍል ነበረች። የሒክማ ንባብ ሲመጣ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል፣ ረውዳ ታስላለች፣ ልጅቷ ትሳሳትና «አይ» ብላ ትመለሳለች። እውነቱን ልናገርና እስቅ ነበር። አንድ ቀን ረውዳ ልብስ የማሰጣበት መጣችና፣ አቦ እስቲ ንገሪኝ፣ ልጅሽን ምን አድርገሻት ነው ማሻአላህ እንዲህ ያነበበችው አለችኝ። እዚያው ላይ መናገር እችል ነበር። ከረውዳ ጋር የማንባባለው ነገር አልነበረም። እኔ ግን እንደ አዋቂ ጉሮሮዬን ጠርጌ መከርኳት። በየቀኑ ጮክ ብላ ታንብብልሽ፣ አታቋርጫት፣ ስትሳሳት አትቆጫት አልኩ። አንዱንም አድርጌው አላውቅም። ረውዳ አማርኛ ትናገራለች እንጂ ማንበብ አትችልም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሒክማን አጠገቧ እያስቀመጠች ታስነብባት ጀመር። እንዴት ታርሚያታለሽ ብዬ ስጠይቃት፣ አላርማትም፣ ስታቆም እስክትቀጥል ዝም ብዬ እጠብቃታለሁ አለችኝ። በዚያ ዓመት ስለ ልጅ ማስተማር ከሰማሁት ሁሉ ትልቁን ነገር የነገረችኝ እሷ ናት፤ እኔ ግን ያን ጊዜ መሀይምነት መስሎኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ስለ ጭንብሉና ስለ ፈረቃው ሊነግሩን ወላጆችን ጠሩን። ጠዋት ነው። ልጆቹ ተራርቀው ተሰልፈዋል፣ እኛ በግንቡ ሥር ቆመናል። ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ቲቸር ሰናይት ማይክሮፎኑን ይዛ፣ በቤቷ ሆና ጎበዝ አንባቢ የነበረች ተማሪ አለችን አለችና የሜሮንን ስም ጠራች። አንድ ወረቀት ልታስነብባት ነው፤ የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት። አስቀድማ አልነገረቻትም፤ ንባቡን ሰምታ፣ ምንም አያስፈልጋትም ብላ ነው። ስህተቱ የመምህርቷ አይደለም። ያታለልኳት እኔ ነኝ።

ሜሮን መድረኩ ላይ ወጣች። ጭንብሏን ወደ አገጯ አወረደች። ወረቀቱን አየችው፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን ፈለገች። አገኘችኝ። ከግቢው ማዶ ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። የመጀመሪያው ፊደል ብቻ በማይክሮፎኑ ሦስት አራት ጊዜ ተሰማ፣ ከዚያ ዝም አለ። አንድ ልጅ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ቲቸር ሰናይት አይዞሽ እያለች ጀርባዋን ዳበሰቻት፣ ቢሆንም ቃሉ አልወጣም። ቢጠብቋት ይወጣ ነበር። አውርደው ወደ ሰልፏ መለሷት።

ስብሰባው ሲያልቅ መምህርቷ ሜሮንን በእጇ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ግራ ገብቷታል። በቴሌግራም እንዲያ ታነብ የነበረች ልጅ ምን ሆነችብን፣ የደረሰባት ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መልካም ሴት ናት፤ በቁጣ አልነበረም። ያን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ያነበብኩት እኔ ነኝ ብል ኖሮ አፍሬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ ልጄ ነፃ ትወጣለች።

እኔ ግን ሜሮን እዚያው ቆማ እየሰማች፣ «ስንፍና ነው ቲቸር» አልኩ። «ቤት እኮ እንደ ውሃ ነው የምታወርደው። ስትፈልግ ትችላለች፣ ሆን ብላ ነው።»

ድምፁን መላክ አንድ ነገር ነው። ይህኛው ሌላ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የሚያንገበግበኝ ይህኛው ነው። ሜሮን አላለቀሰችም፣ አልተቃወመችኝም። ውሸቷን ነው ብትል ማን ይከለክላታል? እሷ ግን ጭንብሏን ወደ ላይ መለሰችው። እናቷን ላለማዋረድ ሰነፍ መባልን ወሰደች። የአሥር ዓመት ልጅ ናት።

ቃሌ ሥራውን ሠራ። በዚያ ዓመት ካርዷ ላይ «ችሎታ እያላት አትሳተፍም» ተብሎ ተጻፈ። በሚቀጥለውም ዓመት፣ ከዚያም ወዲያ እንደዚያው። አንዱ መምህር ለሌላው ይነግራል መሰለኝ፣ የሚረዳት አላገኘችም፤ የምትታገል ልጅ ይረዷታል፣ የምታሾፍ ልጅን ግን ማን ይረዳታል? ጌታነህ ካርዱን ሲያይ ይቆጣታል፣ አንቺ እንዲያ ታነቢ የነበርሽ ይላታል። እኔ በዚያ ሰዓት ወጥ አማስላለሁ። ሜሮን አሁን አሥረኛ ክፍል ናት። በጽሑፍ ፈተና ከክፍሏ አንደኛ ሁለተኛ ትወጣለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ግን አንድ ቀን እጇን አውጥታ መልስ መልሳ አታውቅም። ሱቅ ሄዳ የምትፈልገውን በጣቷ ታሳያለች።

ባለፈው ቅዳሜ ረውዳ ለምሥራች የሚሆን ጣፋጭ፣ ሐልዋ ይዛ መጣች። ሒክማ በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ መድረክ እንድትመራ ተመርጣለች። ረውዳ አቀፈችኝና፣ ወላሂ ይሄ ያንቺ ምክር ነው፣ አላህ ይስጥልኝ አለችኝ። ሜሮን ጠረጴዛው ጋ ታጠናለች፣ ሁሉንም ትሰማለች። አንገቷን አላነሳችም። ረውዳ ስትወጣ ሐልዋው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ። ለሜሮን በቀጥታ ነገርኳት። የመጀመሪያ ቀን ላኪው ያልሽኝን እኔ አጠፋሁት፣ ከዚያም በመምህርሽ ፊት አዋረድኩሽ፣ አንቺ ሰነፍ አልነበርሽም አልኳት። ይህ በመካከላችን በቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነው።

ሜሮን እስክሪብቶውን አስቀመጠች። መናገር ጀመረች፣ ቆመች፣ እንደገና ጀመረች። የተናገረችው አጭር ነው፣ ጊዜ ግን ወሰደባት።

«ሳታጠፊው ሰምተሽው ነበር?»

ከላይ አዳመጥኩት ብዬ ጽፌላችኋለሁ። ያም ሙሉ እውነት አይደለም። የሰማሁት ግማሹን ነው። መሃል ላይ አንድ ቃል ላይ ተይዛ ስትታገል አልቻልኩም፣ ዘጋሁት። ለእሷም እንደዚሁ ነገርኳት፣ እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«መጨረሻው ላይ አልተያዝኩም» አለች። «ከመሃል በኋላ ያለውን በሙሉ ሳልያዝ ነው ያነበብኩት። ለዚህ ነው ላኪው ያልኩሽ።»

ከዚያ ደብተሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃት ይቅር ማለቷ አይቀርም፣ ያን ደግሞ ልሸከመው አልችልም። ነገ ለጌታነህ እነግረዋለሁ፣ ቲቸር ሰናይትንም ፈልጌ አገኛታለሁ። ያ ግን የጠፋውን አይመልሰውም። ኮሮና ነበር፣ ጨንቆኝ ነበር፣ እናት ነኝ አልልም። ልጄ አንድ ቀን በር ዘግታ ከራሷ ጋር ታግላ አሸንፋ ነበር። ያን የሰማ ሰው በዓለም ላይ የለም፣ እኔ አጥፍቼዋለሁ።